ሾላ ነው ወይስ በለስ

አሥራት ቀን ቀን ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማው ሆኖ ለሐኪም ቤቶች በስልክ ያስተረጉማል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ወዳለ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ሄዶ በአማርኛ ለሚቀርቡ ፊልሞች ድምፁን ይሰጣል። የሚወደው ይህን ሁለተኛውን ሥራ ነው።

በቅርቡ ስለ ዱር ኦራንጉታኖች አመጋገብ የተሠራ ፊልም ደረሰው። ሳምንቱን ሙሉ ሲተረጉመው ሰነበተ። እንስሳው ከዛፍ ዛፍ እየተዘዋወረ ፍሬ ይለቅማል፤ ፍሬ ሲጠፋ ቅጠል ያኝካል፣ ቅርፊት ልጦ ውስጡን ይግጣል፣ ምስጥም ይልሳል። ግልገሉ የሚበላውን ከማይበላው የሚለየው ለዓመታት የእናቱን አፍ አፍ እያየ ነው። አሥራት እዚህ ላይ ሲደርስ ብቻውን ፈገግ አለ።

ቅዳሜ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ «ሾላው ሲበስል ካሉበት ይሰበሰባሉ» ከማለቱ፣ ከመስታወቱ ማዶ ሥራውን የምትመራው ሶሊ አስቆመችው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት።

«ጋሽ አሥራት፣ ይቅርታ፣ ‹በለስ› ይበሉልኝ። ክላየንቱ፣ ባለፊልሙ ድርጅት፣ አፕሩቭ ያደረገው እሱን ነው።»

«ልጄ፣ በለስ ስትይው ሰዉ የሚታየው እሾኻሙ ቁልቋል ነው። ይኼ እኮ ትልቅ ዛፍ ነው፤ የሾላና የዋርካ ዘመድ!»

«ግን ዲክሽነሪው ‹ፊግ›ን በለስ ነው የሚለው። ዕፀ በለስስ ይባል የለ?»

«አዳም የበላውን ማን ጠየቀን? እኛ የያዝነው የኦራንጉታኑን ምሳ ነው!»

ሶሊ ወጥታ ለድርጅቱ ደውላ ተመለሰች። «እምቢ አሉ፣ ጋሼ።»

«እኔ ላናግራቸው።»

«አማርኛ የሚችል የላቸውም። ኢሜይል ይላኩላቸው።»

እዚያው ቁጭ ብሎ የሾላም የቁልቋልም ፎቶ አያይዞ ላከ። ወዲያው መልስ መጣ፦ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን። ሌላ ነገር የለውም። ደሙ ፈላ። ቢሆንም ማይክሮፎኑ ፊት ተመለሰና «በለስ» አለ። ንዴቱ ድምፁ ውስጥ ተሰማና ሶሊ አስደገመችው፤ እንደገና አስደገመችው።

ፊልሙ የወጣ ዕለት ከባለቤቱ ከእንግዳወርቅ ጋር ሶፋው ላይ ሆነው አዩት።

«እንዴ!» አለች እንግዳወርቅ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆመች። «ይኼ ዛፍ አይደል? በለሱ የታለ? ምን ነካህ አንተ፣ ሾላ አታውቅም?»

አሥራት ሪሞቱን አንሥቶ ድምፁን ቀነሰው።