ያረፈው ሣር

የላስቲክ ወተት ስከፍት አፍንጫዬን አስጠጋለሁ። ምንም አይሸትም። አዳማ ላይ ወተት ብለው የሚሸጡልንን ይህን ነጭ ውሃ ባየሁ ቁጥር የላማችን የቦራ ወተት ትዝ ይለኛል። የቆቃን ሐይቅ ዳር ሣር ይሸት ነበር። ሳቅ እንጂ! አንተ የከተማ ልጅ፣ የሣር ሽታ ምን ታውቃለህ።

ውሃው በክረምት ሞልቶ በበጋ ሲሸሽ፣ በለቀቀው ጭቃ ላይ ለጋ ሣር ይወጣል። መስኩ የማንም ስላልነበረ የሁሉም ነበር። ማለዳ ጤዛው ሲያበራ ከብቱ ሣሩን ሲነጨው ቅርጭጭ ይላል። ይግጣል፣ ይረግጣል፣ እበቱን ይጥላል፤ ሳቢሳ የሚባሉት ነጫጭ ወፎች ከኋላ ከኋላው ተባይ ይለቅማሉ።

ደርግ መሬት ለሕዝብ ብሎ ሲያውጅ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ጨፈርን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ባለሙያ በላንድሮቨር ከች አለ። ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት ድንጋይ ላይ ቆሞ «ይህ ሣር ደክሟል፤ ማረፍ አለበት» አለን።

እናቴ ከሴቶቹ መሀል «ደከመኝ ብሎ ነገረዎት?» አለችው። ሰው ሳቀ። «እኛ ዘንድ ደግሞ ዐረፈ የሚባለው የሞተ ነው» ብላ ጨመረች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሽጉጡን ነካ ነካ ሲያደርግ ሳቁ ቆመ።

መስኩ በእሾህ ሽቦ ታጠረ፤ ሰሌዳ ተተከለ። ያኔ ማንበብ አልችልም። በኋላ በመሠረተ ትምህርት ተምሬ ሳነበው «የሕዝብ ሀብት ነው፤ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ለካ ፊደል የቆጠርኩት ስድቤን ላነብ ኖሯል!

ከብት ደግሞ ሰሌዳ አያነብም። ቦራ አንድ ቀን ሽቦውን ጥሳ የለመደችው መስክ ገባች። የመስኩ ጠባቂዎች ይዘው ማኅበሩ ግቢ አሰሯት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የቆመው በእሷ ወተት ነበር። እናቴ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄደች፤ ተከተልኳት።

«ልጄ፣ ጥገት ናት፤ ጥጃዋ እየጮኸች ነው።»

«ጓድ ሊቀመንበር ይበሉ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የእናትህ ጡት ሲደርቅ ያሳደገህ የዚች ላም አያት ወተት ነው።»

ፊቱ ጠቆረ። «አድኃሪ!» ብሎ ጮኸባት።

በማግስቱ ያረፈውን ሣር የሚጎበኙ እንግዶች መጡ፤ ቦራን አረዱላቸው። ጥገት የሚያርድ አብዮት አይተህ ታውቃለህ? ቁርጡን በልተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ስለ ሣር እንክብካቤ ንግግር አደረጉ። ጥጃዋም ብዙ ሳትቆይ ሞተች።

ሣሩ እውነትም ዐረፈ። የሚግጠው ሲያጣ ደረት ድረስ አደገ፤ ደርቆ ተኛና ከሥሩ ያለውን ለጋ አፈነው። አይጥ ነገሠበት፣ ቁጥቋጦ ወረረው፣ ሳቢሳዎቹም ጠፉ። ባለሙያው ተመልሶ መጣና ምን አለ መሰለህ? «መታጨድ አለበት!» ላም በነፃ ትሠራው የነበረውን ሥራ ሰፊው ሕዝብ በማጭድ እንዲሠራ ዘመቻ ታወጀ።

እናቴም ተጠራች። እንደዚያ በሚያነድ ፀሐይ ስታጭድ ዋለች። አመሻሽ ላይ አብረን ስንመለስ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠሮ አየሁ። ከደረቁ ሥር ያገኘችውን ለጋ ለጋውን ለቅማ ቋጥራዋለች። ደጃፋችን እንደደረስን ቋጠሮውን እየፈታች ወደ በረቱ አመራች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። መልሳ ቋጠረችው።

«እጄ ለምዶ ነው» አለችኝ።