ሳሉ የዳነለት ሞተር

ዓወል ያሕያን ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ይመሰክሩለታል፤ ውሸት አይሆንለትም ነበር። ይህን ሲሉ የሚያመሰግኑት ይመስላቸዋል። እኔ ግን እላለሁ፣ ሰው በበሽታ ይሞታል፣ በጥይት ይሞታል፣ በእውነትም ይሞታል። የዓወል እውነት የገደለው ራሱን ቢሆን ኖሮ እኔን ምን ቸገረኝ!

አባቱ ያሕያ አልዩ አምባ ገበያ ላይ እህል ሰፋሪ ነበር። ቆለኛው ማሽላውን፣ ደገኛው ገብሱን ያመጣለታል፤ እሱ በቁናው የሰፈረውን ማንም ደግሞ አይሰፍርም። ለሁለቱ ልጆቹ፣ ለዓወልና ለታናሹ ለፈረጅ፣ ያወረሳቸው ሀብት ቢኖር አንድ ቃል ነው፤ «መስፈሪያ አታጉድሉ። ለወዳጅም ለጠላትም አታጉድሉ።» ፈረጅ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው። ዓወል ግን ይዞት አደገ።

አባትየው ሲሞት እናታቸው ሰሊሃ ወደ ደጋ ወጥታ ጎረቤላ አቅራቢያ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከዘመዶቿ ጎን ጎጆ ቀለሰች። ጥቂት ቆይቶ ጣሊያን ገባ። ፈረጅ ጠመንጃውን ይዞ ገደሉ ውስጥ ካሉት አርበኞች ጋር ተቀላቀለ። ዓወልን ጣሊያኖቹ ለመንገድ ሥራ አፍሰው ደብረ ብርሃን ወሰዱት፤ ድንጋይ ሲፈልጥ ከርሞ እጁ ብልህ መሆኑን ስላዩ ጋራዥ አስገቡት። እንግዲህ አንዱ ልጅ የጠላትን መኪና ይጠግናል፣ ሌላው ለዚያው መኪና ያደፍጣል። የዚያን ጊዜ ኑሮ እንዲህ ነበር፤ የሚፈርድ ካለ ይፍረድ።

በጋራዡ ውስጥ አንድ አሮጌ ሞተር ነበር፣ በጎኑ የሰው መቀመጫ የተቀጠለለት። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ላለው ጦር ደብዳቤ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ የስልኩን ሽቦ አርበኞቹ አላስቀምጥ ብለውታላ! ይህ ሞተር ሲሄድ በጭስ ማውጫው ጧ! ጧ! ይላል። ሁለት ተራራ አልፎ ይሰማል። የመንገዱ ሰው ይህን ሳል ሰምቶ «ሳላሙ» ይለዋል። ሳላሙ ገና ሩቅ ሳለ የሚደበቅ ይደበቃል፣ ከብቱን የሚያሸሽ ያሸሻል።

ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲገጥም ቤንዚን ጠፋ። ለሳላሙ በሳምንት ስምንት ሊትር ብቻ ተቆረጠለት፤ ያም አንኮበር ደርሶ ለመመለስ በጭንቅ ይበቃዋል። ስለዚህ የሚሄደው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ሆነ። ዓወል ይህን በነጋዴዎች አፍ ለወንድሙ ላከበት። ፈረጅም ሰኞ ሰኞ ከገደሉ ወጥቶ እናቱን ይጠይቃል፣ እንጨት ይፈልጥላታል፣ ስንቁን ይዞ ይወርዳል። ሰኞ መንገዱ የእነሱ ነበር።

ዓወል ግን እናቱን ካየ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። ያለ ፈቃድ ወረቀት ከከተማው ቢወጣ ኬላው ላይ ይይዙታል። ስሟን ያነሳ ሰው ፊት ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ ትልቅ ሰውዬ፣ ጢሙ ያደገ!

አንድ ቀን የጋራዡ አለቃ ጣሊያናዊው ጠራውና ሞተሩን በእግሩ መታ አድርጎ፣ «ይሄ ሰካራም ቤንዚኔን ጨረሰው። መጠጡን ካስተውከው ለበዓላችሁ አምስት ቀን ፈቃድ እሰጥሃለሁ» አለው።

የዚያን ዓመት ገናና አረፋ በአንድ ሳምንት ገጥመው ነበር። ዓወል አረፋን ከእናቱ ጋር መዋል ሲያስብ ወዲያው መፍቻውን አነሳ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ?

መጀመሪያ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚጠጣ ማወቅ ነበረበት። መለኪያ የለም። የሥራ ጓደኛውን የቄስ ልጁን ገብረ ሕይወትን ለምኖ ከጠጅ ቤት ብርሌ አስመጣ፤ አንገቷ ላይ ክር አሰረ፣ እስከ ክሩ የምትይዘውን በወታደሮቹ ሊትር አመሳከረ። ከዚያ የሞተሩን ዋና የቤንዚን ማጠራቀሚያ ዘግቶ ብርሌዋን መሪው ላይ ሰቀለና በቀጭን ጎማ ከካርቡራተሩ ጋር አገናኛት።

«ኧረ ጉድ ነው!» አለ ገብረ ሕይወት፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። «ዓወል ብርሌ ጨበጠ! የአልዩ አምባ ሸሆች ይስሙ!»

«ሳቅ አንተ። የሚጠጣው እሱ ነው እንጂ እኔ ነኝ?»

በወታደር ታጅቦ ወደ አንኮበር አቅጣጫ ነዳ። ብርሌዋ ደርቃ ሞተሩ ቀጥ ሲል ወርዶ የመንገዱን የኪሎ ሜትር ድንጋይ አየ። ያንኑ መንገድ ሲመለስ ደግሞ ለካ፤ ሽቅቡና ቁልቁለቱ፣ ከፊትና ከኋላ የሚመጣው ነፋስ እንዳያታልለው። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ከፈለ። አንድ ጊዜ መስፈር መስፈር አይደለም ብሎ ሦስት ቀን ደገመው። አንድ ሊትር አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ይወስደዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራ ጀመረ። ካርቡራተሩን ፈታው፤ ቤንዚን የምታሳልፈው መርፌ ተበልታ ከሚገባው በላይ ታፈሳለች። እሷን ሞርዶ አስተካከለ፣ ዝቅ አድርጎም አሰራት። አየር የሚያስገባበትን ስንጥቅ በቆዳ ደፈነ። የካንዴላውን ጥቀርሻ ጠረገ። የላላውን ሰንሰለት ወጠረ፣ ሁልጊዜ ተለጥፎ የሚጎትተውን ፍሬን አላቀቀ፣ ጎማውን በደንብ ነፋ። አንዱን ባስተካከለ ቁጥር በብርሌዋ ይለካል። አሥራ አራት ሆነ። አሥራ ሰባት ሆነ። በመጨረሻ ሃያ አንድ ላይ ቆመ። ያ ሁሉ ጧ ጧታ ለካስ ሳይቃጠል ወጥቶ ጭስ ማውጫ ውስጥ የሚፈነዳ ቤንዚን ነበር፤ ብክነቱ ሲቆም ሳሉም አብሮ ቆመ። ሞተሩ እንደ ንብ ብቻ እም... ይላል። ዓወል ጆሮውን ደቅኖ ሲያዳምጥ ፊቱ በራ።

እሑድ ከሰዓት ቁጥሩን ጽፎ ሊሰጥ ሲነሳ ገብረ ሕይወት እጁን ያዘው።

«ስማኝ ወንድሜ፣ አሥራ ሦስት በላቸው። ፈቃድህን ለማግኘት አሥራ ሦስት ይበቃሃል። የቀረውን መርፌዋን ከፍ አድርግና ይጠጣ፤ ጠጥቶ ይድፋው! የማን ንብረት ብለህ ነው የምትቆጥበው?»

«የሰፈርኩትን አጉድዬ አልናገርም።»

«ለቀማኛ?»

«ለማንም። አባቴ ለማንም አላጎደለም።»

«አባትህ እህል ነው የሰፈረው። ከዚህ ነገር ደግ አይወጣም።»

«ምን ሊመጣ ነው? ሐሙስ ነው የሚሄደው፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። የተረፈው ቤንዚን ጣሳ ውስጥ ይቀመጣል፣ በቃ!»

አይ ዓወል! እስከ ሃያ አንድ ለመለካት የበቃ ጭንቅላት፣ ስምንት ሊትር ለሁለት ሲከፈል ምን እንደሚሆን ማሰብ አቃተው። የራሱን ሥራ የሚወድ ሰው እንዲህ ነው፤ ዓይኑ ከብርሌዋ አይነሳም። ደግሞም እናቱን ናፍቋል። ናፍቆት ያሳውራል፤ እኔ አልፈርድበትም፣ ግን ያንገበግበኛል።

አለቃው ቁጥሩን አይቶ አላመነም፤ ዓወልም አለቃው ዓይኑ እያየ በብርሌ ለካለት። ሰውዬው ጀርባውን መታ መታ አደረገው፣ የፈቃዱን ወረቀትም እዚያው ፈረመለት።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ዓወል ኬላውን አልፎ በእግሩ ጉዞ ጀመረ። ለእናቱ የገዛላት ሻሽ ብብቱ ውስጥ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ከቀናው ፈረጅንም ያገኘዋል። ሦስቱ አንድ ላይ ከተቀመጡ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ነው። እየሳቀ ነበር የሚሄደው፤ በመንገድ ያገኙት ሰዎች ኋላ ተናግረዋል።

ረፋዱ ላይ ከኋላው አንድ ነገር እም... አለ። ንብ መስሎት አልዞረም። ተረከዙ ስር ሲደርስ ነው ዘሎ መንገዱን የለቀቀው። ሞተሩ ነው። ነጂው አወቀውና እጁን አነሳለት፤ በጎን መቀመጫው ላይ መትረየስ የያዘ ወታደር ተቀምጧል። ጠምዘዝ ብለው ከዓይኑ ተሰወሩ።

«ዛሬ እኮ ሰኞ ነው» አለ ዓወል፣ ለብቻው፣ ጮክ ብሎ።

ያኔ ገባው። ስምንት ሊትር፣ ሁለት ጉዞ። ሐሙስም፣ ሰኞም። ስንቁን ጣለ፣ ጫማውን ጣለ፣ ሮጠ። «ያ አላህ፣ ፈረጅ ዛሬ አይውጣ! ያ አላህ፣ ዛሬ ብቻ አይውጣ!» እያለ ሮጠ። ግን ሰው ሞተርን በእግሩ የት ይደርስበታል? ደረቱ ሲቃጠልበት ይራመዳል፣ ደግሞ ይሮጣል። የጎረቤላን ጋራ ሲያይ ከወዲያ በኩል የተኩስ እሩምታ ሰማ፤ አጭር ነበር፣ ወዲያው ቆመ።

ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ፈረጅ የእናቱ ግቢ ውስጥ፣ በፈለጠው እንጨት አጠገብ ተኝቷል፤ ነጠላ አልብሰውታል። ጠመንጃው ቤት ውስጥ እንደተሰቀለ ነው፤ ወደ እሱ ሲሮጥ ተኮሱበት፣ ለመድረስ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ጎረቤት ተሰብስቧል። ሰሊሃ መሬት ላይ ተቀምጣ የልጇን እግር በሁለት እጇ ይዛለች። ዓወልን ስታይ እጇን ዘረጋችለት።

«መጣህልኝ? ልጄ፣ አየህ የሆነውን? አልሰማነውም። ወላሂ አልሰማነውም! ሳይስል መጣ። በዚያ ላይ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ማን ይጠረጥራል? ምን አግኝቶት ነው ሳሉ የጠፋው?»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ማን ይጠይቀው ነበር? ማንም። ሐዘንተኛ ነው፣ ወንድም ነው፣ ከሩቅ ሮጦ የመጣ ነው። ግን ነግሬያችኋለሁ፣ ውሸት አይሆንለትም፤ ዝምታም ለእሱ ማጉደል ነበር። ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት። መርፌዋን፣ ብርሌዋን፣ ሃያ አንዱን፣ የፈቃዱን ወረቀት።

«አንቺን ለማየት ብዬ ነው፣ እማ» አላት።

ሰሊሃ አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። የዘረጋችለትን እጅ መልሳ የፈረጅ እግር ላይ አኖረችው።

የመንደሩ ሽማግሌ፣ ሸሂድ፣ ሰማዕት ነውና በደም ልብሱ ይቀበር፣ አይታጠብም አሉ። ዓወል ወንድሙን ማጠብ እንኳ አልደረሰውም። ከመግሪብ ሶላት በፊት ጀናዛውን ይዘው ወጡ። አስከሬኑን ለመቀበል ጉድጓድ የሚወርደው የሥጋ ዘመድ ነውና ዓወል ለመውረድ ሲጎነበስ አንድ አጎቱ ትከሻውን ያዙት። «ልጄ፣ እናትህ ሌላ ሰው ይውረድ ብላለች» አሉት። ከጉድጓዱ ዳር ቆሞ፣ የጎረቤት ልጆች ወንድሙን ሲቀበሉ አየ።

ወደ ጋራዡ አልተመለሰም። ጣሊያን እስኪወጣ ያሉትን ጥቂት ወራት ገደሉ ውስጥ ከፈረጅ ጓዶች ጋር ቆየ፤ እነሱም አውቀው ተቀበሉት፣ የሞተሩን ነገር አንድም ቀን አላነሱበትም። ነጻነት ሲመጣ ደብረ ብርሃን ገብቶ ሚስት አገባ፣ ወፍጮ ጠጋኝ ሆነ። እናቱ ስታረጅ ቤቱ አመጣት። አልከለከለችም፤ መጣች።

አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ኖረች። የሰጣትን ትበላለች፣ የገዛላትን ትለብሳለች፣ ልጆቹን ታቅፋለች፣ ታስቃለች። ሚስቱን «ልጄ» ትላታለች። እሱን ግን ከዚያች ሰኞ ወዲህ «ልጄ» ብላው አታውቅም፤ በስሙም ጠርታው አታውቅም። ስትፈልገው «የፈረጅ ወንድም» ትለዋለች። «የፈረጅ ወንድም፣ በሩን ዝጋልኝ።» «የፈረጅ ወንድም፣ ዱላዬን አቀብለኝ።» በክፋት አይደለም፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ዓወልም አንድም ቀን በስሜ ጥሪኝ ብሎ አልጠየቃትም።

የሞተች ቀን ከጧት ጀምሮ ከራስጌዋ አልተነሳም። ልጆቹን በየስማቸው ጠርታ መረቀች። ሚስቱን ጠርታ መረቀች። ጎረቤቶቹን ሳይቀር አንድ በአንድ ጠራች። ዓወል ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ከአፏ አስጠግቶ ጠበቀ። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና አየችው።

«የፈረጅ ወንድም» አለችው፣ «ውሃ ስጠኝ።»

ሰጣት።