ያስተማርኩት ልጅ ቀድሞኝ ተሰማ

ከናዝሬት የወጣሁ ዕለት፣ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ፣ እናቴ ሻንጣዬን ሦስት ጊዜ ከፍታ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። በርበሬው እንዳይፈስ፣ የሽሮው ፌስታል እንዳይቀደድ፣ ዳቦ ቆሎው እንዳይደቅ ነበር ጭንቋ። የኔ ጭንቅ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራኋቸው ቢቶች ያሉበትን ሃርድ ዲስክ በካልሲ ጠቅልዬ የደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ በየአምስት ደቂቃው እዳብሰዋለሁ። ቢት ማለት፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ራፐሩ ቃሉን የሚደረድርበት ሙዚቃ ነው፤ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ዜማው። ድምፁም ግጥሙም የሌላ ሰው ነው፤ ከሥር ያለው ሁሉ ግን የኔ ነው።

ሻንጣዬን እስከ መኪናው የተሸከመልኝ ናሆም ነበር። የሰፈራችን ልጅ ነው፣ በአምስት ዓመት ያንሰኛል፤ ከበሮና ቤዝ መለየት ሳያውቅ መጥቶ እኔ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጦ ነው ቢት መሥራት የተማረው። ስሄድ ሁለቱን ስፒከሮቼን ለሱ ሰጠሁት። አለቀሰ። "ብራዘር፣ አሜሪካ ሄደህ ስትታወቅ እንዳትረሳኝ" አለኝ። "እንዴት እረሳሃለሁ!" አልኩት፣ እንደ ትልቅ ሰው ትከሻውን መታ መታ እያደረግኩ። አሁን ያንን ሳስታውስ ፊቴ ይግላል።

አሜሪካ ስገባ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ "ሥራህ ምንድነው?" አለኝ። ደረቴን ነፍቼ "ሚውዚክ ፕሮዲዩሰር" አልኩት።

"የማውቀው ዘፈን አለህ?"

"ገና ነው።"

"ይከፍሉሃል?"

"ገና ነው።"

"እንግዲያው ሥራ ፈላጊ ነህ" አለና ማህተሙን መታው። ዌልካምም አለኝ፤ ሐሰት ምን ያደርጋል።

ያረፍኩት ኦሮራ የምትባል ከተማ ነው፤ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት። ሥራ ያገኘሁት ደግሞ እንግልውድ የምትባል ሌላ ከተማ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ። አየሩ ደረቅ ከመሆኑ የተነሳ የመጀመሪያውን ወር አፍንጫዬ ሲደማ ከረመ። የናዝሬት ነፋስ አቧራ ያለብስሃል እንጂ እንዲህ አያደማህም። ግንቦት ላይ በረዶ ጣለ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እንጀራው ኮልፋክስ ላይ ሞልቷል፤ ቲማቲሙ ግን መልክ ብቻ ነው፣ ውሃ የምትበሉ ይመስላችኋል። ከሁሉ የገረመኝ ሰላምታቸው ነው። ጎረቤቴ "ሃው አር ዩ?" ይለኛል፤ እኔ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ፣ ቤተሰብስ" ልል አፌን ስከፍት እሱ መኪናው ውስጥ ገብቷል።

ከሥራ ስመለስ ቢት እሠራለሁ፤ ከዚያ ኢሜይል ሴንድ አደርጋለሁ። ለማን? ሕፃን ልጅ ሳይቀር ለሚያውቃቸው ራፐሮች ነዋ! አንዱን ቢት ብቻ አይደለም፣ ሠላሳውን አንድ ላይ ጠቅልዬ። ስሜን እንኳን አልጽፍበትም፤ ሥራዬ ራሱ ይናገራል ብዬ። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልመለሰልኝም። የመጣልኝ አንድ ደብዳቤ ነው፤ እሱም ከአፓርትመንቱ ቢሮ። ማናጀሯ አስጠራችኝ።

"ግድግዳ ትደበድባለህ እንዴ?"

"ኧረ ሙዚቃ ነው።"

"ጎረቤትህ ግን መዶሻ ነው ይላሉ።"

"ቤዙ ይሆናል።"

"አንድ ነገር ብቻ ነው የሚደጋገመው ይላሉ።"

"እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ይደጋገማል።"

"ቢቀየር ደስ ይላቸዋል" አለችኝና ማስጠንቀቂያውን አስፈረመችኝ። እንግዲህ አሜሪካ ውስጥ ሥራዬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማው ያ ጎረቤት ብቻ ነው። አስተያየቱንም በጽሑፍ ሰጥቶኛል።

በሁለተኛው ዓመት ናሆም መጣ። ዲቪ ደርሶት። እኔ ሦስት ጊዜ ሞልቼ ነው የደረሰኝ፤ ለሱ በመጀመሪያው ደረሰው። ፎርሙን የሞላሁለት ደግሞ እኔው ነኝ! ኤርፖርት ሄጄ ተቀበልኩት፣ ሳሎኔ ውስጥ ሶፋው ላይ አስተኛሁት፣ ምግብ የሚያደርስበት ሥራ አስገባሁት። በሳምንቱ "ብራዘር፣ እዚህ ራፐሮቹ የት ነው የሚገኙት?" ብሎ ጠየቀኝ። "በኢሜይል ነው" አልኩት። ሳቀ። እኔ የቀለድኩ መሰለው።

ምግብ ሊያደርስ ፀጉር ቤት ይገባል፤ የሚላጨውን ሰውዬ "እኔ ቢት እሠራለሁ፣ እስቲ ስማት" ብሎ ኢርፎኑን ጆሮው ላይ ይሰካለታል። በእግዚአብሔር! ሰውዬው አንገቱ ላይ ምላጭ ተደግኖበት ምን ይበል? ይሰማላ። አውቶብስ ቁጥር 15 ላይ አብረን ተሳፍረን እንኳን አያርፍም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ደግሞ እያንዳንዱ ቢት መጀመሪያ ላይ በገዛ ድምፁ "ናሆም ነው!" ይላል። ሰው እንዴት የራሱን ስም ራሱ ይጠራል? እኔን እናቴ ያሳደገችኝ ዝም አይነቅዝም እያለች ነው። ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው ያስተማርኩት አልኩ በሆዴ።

ኮልፋክስ ላይ በርበሬና የስልክ ካርድ የሚሸጡ ጋሽ ተኽለ የሚባሉ ኤርትራዊ አሉ። ብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ አማርኛቸው ከኔ የሚሻል ሽማግሌ። እሳቸው ናቸው የነገሩን፤ ከሱቃቸው አጠገብ ያለው አሮጌ የዘፈን ሸክላ የሚሸጥበት ቤት ውስጥ እሁድ ከሰዓት ወጣቶች ቢታቸውን ያሰማሉ አሉ። በሚመጣው ወር መጨረሻ ደግሞ ማርከስ የሚባል የኦሮራ ራፐር ለአዲሱ አልበሙ አንድ ቢት ሊመርጥ ይመጣል። ወሬውን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ሙሉ ወር አንዲት ቢት ላይ ብቻ ሠራሁ። ናዝሬት ሆኜ ስመኘው የኖርኩት ይኼንኑ ነበር፤ አንድ እውነተኛ ራፐር፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ የኔን ሥራ ሲሰማ።

እሁዱ ደረሰ። ጋሽ ተኽለ ሱቃቸውን ለልጃቸው ትተው አብረውን ገቡ። ዝግጅቱን የምትመራው ቲና የምትባል ሴት ናት፤ በሩ ላይ ስም መመዝገቢያ ወረቀት አለ። ናሆም ስሙን ጻፈ። እኔ አልጻፍኩም። "ተመዝገብ እንጂ!" አለኝ። "ቆይ" አልኩት። ሰው ሳይጠራኝ እንዴት ተሽቀዳድሜ ልጻፍ?

አምስት ልጆች አሰሙ። ማርከስ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ አውርዶ ይሰማል። ይኼኔ ናሆም ብድግ አለና ለቲና "ያስተማረኝ ሰው እዚህ አለ፣ ከኔ ይበልጣል" አላት። እውነቴን ነው፣ እንደዚህ ነው ያለው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቲና ፈገግ ብላ "ማሰማት ትፈልጋለህ?" አለችኝ። ቢቷ ያለችበት ፍላሽ እጄ ውስጥ ነው፣ በላብ ርሷል። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ "ኖ ኖ፣ አይ አም ፋይን፣ ሌሎቹ ይቅደሙ" አልኳት።

እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ ጋ ይኼ መጀመሪያው ነው። "ብላ" ሲሉህ "በቃኝ" ትላለህ፤ "ኧረ ተው" ይሉሃል፤ "እውነት በልቻለሁ" ትላለህ፤ "በሞቴ" ሲሉህ ያኔ እያቅማማህ እጅህን ትታጠባለህ። እኔም በሞቴን እየጠበቅኩ፣ ለመነሳት ግማሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር።

"ኦኬ፣ ኩል" አለች ቲና። "ቀጣይ! የመጨረሻው!"

የመጨረሻው ናሆም ነው። "ናሆም ነው!" ብሎ ቢቱ ጀመረ። እውነቱን ልንገራችሁ? ጥሩ ነበር። መጥፎ ቢሆን ኖሮ እኮ ይኼን ሁሉ አልጽፍም። ከበሮው የኔ ነው፣ እኔ ያሳየሁት አመታት ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ግን የራሱ ነው፣ እኔ ያላሰብኩት። ማርከስ ኮፍያውን ወደ ላይ ገፋ አደረገና "እንደገና አጫውቺው" አለ። በሦስተኛው አብሮ ማንጎራጎር ጀመረ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ፣ አንጀቴ እያረረ።

ውጭ ስንወጣ ናሆም ከማርከስ ጋር ስልክ ይለዋወጣል። ጋሽ ተኽለ "ምን ነካህ አንተ ልጅ?" አሉኝ።

"እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ ነው ጋሽዬ።"

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። "እኔ እዚህ መጥቼ መጀመሪያ የገባሁት ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። አለቃዬ በልተሃል ወይ አለኝ፤ አዎ አመሰግናለሁ አልኩት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ሦስት ወር ሙሉ ጥብሱን እያሸተትኩ እየራበኝ ቤቴ ገባሁ። እዚህ አገር በሞቴ የለም ልጄ። አንዴ ነው የሚጠየቀው።"

"እናቴ እኮ ዝም አይነቅዝም ነው የምትለው።"

"አይነቅዝም፤ ግን አይበላምም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባልስ አልሰማህም?" አሉኝ።

ስለዚህ ናዝሬት፣ አዋሳ፣ ደሴ ቁጭ ብላችሁ ላፕቶፕ ላይ ያፈጠጣችሁ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ስሙኝ። ለማያውቃችሁ ትልቅ ሰው ሠላሳ ቢት አትላኩ፤ አይከፍተውም። ሰፈራችሁ ውስጥ ያለውን፣ ገና ማንም ያላወቀውን ራፐር ፈልጉ፤ ሲቀዳ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሁለት ሦስት ብቻ አሰሙት፣ አሳጥራችሁ። ስማችሁን ፋይሉ ላይ ጻፉ፤ ድምፃችሁንም ብታስገቡበት ነውር አይደለም። ሰው "አሰማን" ሲላችሁ በመጀመሪያው እሺ በሉ። ይኼን ሁሉ ከማን ተማርክ ብትሉኝ፣ ከናሆም። ይኼን ቃል ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ማርከስ በናሆም ቢት የሠራው ዘፈን ወጣ። እኔ እንግልውድ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ በቅርቡ የገዛኋትን መኪና ፓርክ አድርጌ ሥራ ሰዓት እስኪደርስ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ለማድነቅ አይደለም፣ ስህተት ፍለጋ። አገኘሁም! ከበሮው ውስጥ ያለው ሁለተኛው ጭብጨባ ትንሽ ይዘገያል። ቀኑን ሙሉ አንሶላ እያጠፍኩ ደስ ሲለኝ ዋለ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኛለሁ፤ ምን ልበላችሁ፣ ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ባለፈው ሳምንት ናሆም "ሐሙስ ቶርንተን፣ ማርከስ ስቱዲዮ እሄዳለሁ፤ አብረን እንሂድና ያቺን ቢትህን አሰማው። አልበሙ ሊሞላ አንድ ዘፈን ቀርቶታል" አለኝ።

"ሐሙስ ሥራ አለኝ።"

"አርብ እናድርገው?"

"አርብም አለኝ።"

የሥራ ሰዓቴ ፍሪጁ በር ላይ ተለጥፏል። ሐሙስም አርብም ባዶ ነው። ናሆም ወደ ፍሪጁ አየት አደረገና "እሺ ብራዘር" አለኝ። ያቺ ቢት እስካሁን ማንም አልሰማትም። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ተኝቼ ሰዓት ሳይ ዋልኩ፤ ናሆምም ብቻውን ሄደ።

ዛሬ እሁድ ጠዋት እናቴ ደወለች። ልብስ እያጣጠፍኩ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ "የናሆምን ዘፈን ሰማነው! እኅትህ ከፍታልኝ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ!" አለች። "እንግሊዝኛው ባይገባኝም እግሬ አላርፍ አለኝ። አንተ ነህ አይደል ያስተማርከው?"

"አዎ እማዬ።"

"ተባረክ። አጠገብህ አለ? ስጠኝ ልመርቀው።"

አጠገቤ ነበር። ሦስት እርምጃ አይሞላም፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ዕቃ ያጥባል። ውሃውን ዘጋው።

"የለም እማዬ፣ ሥራ ገብቷል" አልኳት። አምልጦኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። አውቄ ነው።

"በእሁድ! ውይ ልጄን። በል እንግዲህ አንተ አሜን በልለትና አድርስልኝ" አለች። እንቢ ይባላል? ቆምኩ፣ እጄን ዘረጋሁ።

"ስሙን ከፍ ከፍ ያድርገው።"

"አሜን።"

"የነካው ሁሉ ይባረክለት።"

"አሜን።"

"በሰላም ለእናቱ ዓይን ያብቃው።"

"አሜን።"

"ከምቀኛ ዓይን ይሰውረው።"

የናሆም ትከሻ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አልዞረም።

"አሜን በልለት እንጂ ልጄ!" አለች እናቴ።

"አሜን" አልኩ። ከኔ ቀጥሎ፣ ከዕቃ ማጠቢያው በኩል፣ ቀስ ያለ ሌላ አሜን ተሰማ።

"ማነው እሱ?"

"ቲቪ ነው እማዬ" አልኳት።

ናሆም ውሃውን መልሶ ከፈተው።