ቸርኬውን የመታሁት እኔ ነበርኩ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሳታውቀው ሞተች። ለነፍስ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየቆነጠርኩ ስናዘዝ ኖሬ፣ ይቺን ግን ምላሴ ሥር አስቀርቻታለሁ። ስግደት አዝዘውኝ፣ ሰግጄ፣ ላቤን ጠርጌ፣ ነጻሁ ብዬ ወደ ቤቴ ስገባ ያስቀረኋት ትታየኛለች። አንተ የምታነበኝ ሰው ስግደት አታዝም። ላንተ ልናገረው።

በደርግ ጊዜ ብቸና ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበርኩ። ሥራዬ በር መጠበቅ፣ ሰሌዳ ማጥፋትና ደወል መምታት ነው። ደወል የምንለው ከዛፍ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። በብረት ሲመቱት ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። ቀበሌውም የራሱ ቸርኬ ነበረው። የቀበሌው ከተመታ ስብሰባ ነው፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። የሁለቱ ድምፅ የወንድማማች ያህል ይመሳሰላል። ይህን ያዝልኝ፤ ኋላ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

መምህር ደሳለኝ የሚባል ወጣት የሂሳብ አስተማሪ ነበረን። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ እጄን ይዞ። እኔ "የኔታ" ስለው ይስቃል። "ጋሼ ምናለ፣ የኔታ ለመባል እኮ ጢም ያስፈልጋል" ይለኛል።

ተማሪው ከተበተነ በኋላ ይህ ልጅ ብቻውን ክፍል ይገባና ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል። እንደ ቆመ እባብ የተጣመሙ ምልክቶች፣ ቁጥር የማይመስሉ ቁጥሮች። እኔ ዳስተሬን ይዤ በር ላይ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ምን አገባህ አላለኝም። ይዞኝ ወጣና ቸርኬው ሥር አቆመኝ።

"ጋሼ፣ አንዴ ይምቱልኝ።" መታሁ። ድምፁ እየሳሳ እየሳሳ እስኪሞት ዝም ብለን ሰማን። ቀጥሎ አንዱ ሳይሞት ሌላውን፣ አንዴ በኃይል አንዴ በቀስታ እንድመታ ነገረኝ። መታሁ። አሁን የምንሰማው የትኛውን ምት ነው አለኝ። የመጨረሻውን አልኩ። አይደለም አለ። የመጨረሻው ላይ የፊተኞቹ ትርፍራፊ ሁሉ፣ እያንዳንዱ እንደ ኃይሉና እንደ ዕድሜው፣ ተደራርቦበታል። የአንዲቷን ምት ድምፅ ካወቀ፣ እኔ እንዳሻኝ ብመታ ከዚያ የሚወጣውን ድምፅ ሁሉ ቁጭ ብሎ ሊያሰላው ይችላል። ኮንቮሉሽን ይሉታል አለኝ፤ ቃሉን አፌ ላይ እስኪለምድ አስደገመኝ።

በሌላ ቀን ደግሞ ጆሮዬን ወደ ቸርኬው አስጠጋኝ። አንድ ነው ያልኩት ድምፅ አንድ አልነበረም። ከታች ወፍራም አለ፤ ከላዩ ቀጭን፣ ከዚያም በላይ የባሰ ቀጭን። ድምፅን ወደ ቀጫጭኖቹ የሚበትነውን ስሌት ፎሪየር ትራንስፎርም ይሉታል አለኝ። ከተበተነ በኋላ ያ ሁሉ መደራረብ ተራ ማባዛት ይሆናል፤ ያባዙትን ደግሞ አካፍሎ የተቀላቀለውን መለየት ይቻላል።

"ሁልጊዜ ይለያል?" አልኩት።

"ከቀጫጭኖቹ አንዱ መንገድ ላይ ጨርሶ ከጠፋ እሱን መመለስ አይቻልም። በዜሮ አይካፈልም፣ ጋሼ። የጠፋው ጠፋ።"

ገባኝ። እንደ እሱ ባላሰላውም ገባኝ። ደግሜ እላለሁ፤ ገብቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ እሱ ሜዳው ማዶ ሄዶ ቆመ፤ እኔ እንደለመድነው መታሁ። ደስ አለኝና አበዛሁት። በቃ ብሎ እጁን ሲያወዛውዝልኝ እንኳ ልጨምር ብዬ መታሁ። ለካ ከተማው ስብሰባ መስሎት ሱቁን ዘግቶ፣ ነጠላውን ደርቦ፣ ቀበሌው ግቢ ሞልቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ጫማውን በወጉ ሳያስር ከቤቱ ሲወጣ፣ ምላሷን የማትገታ አንዲት ጠላ ሻጭ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ስብሰባውን ነው የረሱት ወይስ እኛን?" አለችው አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ያኔ የተሳቀበት ሊቀመንበር ሳቁን የሚያስከፍለው ሰው ይፈልጋል።

በማግስቱ ተጠራሁ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር፣ እንዳላመልጥ። አልመቱኝም። አላስፈራሩኝም። ወንበር ሰጡኝ። ሊቀመንበሩ አጠገብ የተቀመጠው ካድሬ ትንሽ የተማረ፣ ነገሩ የሰለቸው ወጣት ነበር። "ነገሩ ትምህርት ከሆነ ትምህርት ነው በለኝና ልዝጋው። ቸርኬውን ማን መታው?" አለኝ።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ነኝ፣ ያበዛሁትም እኔ ነኝ፣ እሱ ድምፅ ነው የሚያሰላው ማለት። ምን ያህል ቃል ነው? ምን ያህል ይከብዳል?

"መምህሩ፣ እሱ ነው የመታው" አልኩ። "እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ፤ መሃይም ነኝ።"

መሃይም ነኝ። እጄን ይዞ ፊደል ያስቆጠረኝን ሰው ፊደል አላውቅም ብዬ ሸጥኩት። ያገራችን ሰው እኔ ምን አውቃለሁ ሲል ትሕትና ነው፤ እኔ ትሕትናን እንደ ቢላ ተጠቀምኩባት። ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ምንድነው አለኝ ካድሬው። እባብ እባብ የሚመስል ነገር ነው አልኩ። ይሄ ሳያንሰኝ ማንም ያልጠየቀኝን ጨመርኩ። "ማንም ሳያየው ቶሎ አጥፋው ይለኛል" አልኩ። ሰሌዳ ማጥፋት እኮ የኔ ሥራ ነው! የምበላበት ሥራዬ! ካድሬው አንስቶት የነበረውን እስክሪብቶ ሊያስቀምጠው ነበር፤ ይቺን ሲሰማ መጻፍ ጀመረ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ፈገግ አለ። ፈገግታው ደስ አለኝ። ፈራሁ ብል ትንሽ እውነት አለው። ግን ያ ፈገግታ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ ሳስበው ይቀፈኛል።

በጭነት መኪና ወደ ሞጣ ወሰዱት። ቸርኬውን መትቶ ለየትኞቹ ፀረ አብዮተኞች ምልክት እንደሰጠ እንዲናገር ነበር አሉ። ምን ይናገር? ይኖርበት የነበረውን ክፍል ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። ገባሁ። አልጋው ላይ ተኛሁ። ብርድ ልብሱ ጠመኔና ሳሙና ይሸታል፤ እሱን ለብሼ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንቅልፌ እንኳ አልከዳኝም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሞጣ ወዳገባችው እህቴ ዘንድ ሄድኩ። ከገበያው ወረድ ብሎ እስረኞች ድንጋይ ይሸከማሉ፤ መሃላቸው እሱን አየሁት። ከስቷል። ጠባቂው ፖሊስ ደግ ቢጤ ነበርና ፊቱን አዞረልኝ። ተጠጋሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ነገርኩት። የኔታ፣ የከሰስኩዎ እኔ ነኝ። እሱ ነው የመታው ያልኩት እኔ ነኝ። አጥፋው ይለኛል ያልኩት እኔ ነኝ። ይማሩኝ አልኩት።

አየኝና ፈገግ አለ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ጋሼ። ቤት ደህና?" አለኝ። ከዚያ ሁለት ጆሮዎቹን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ። "በጥፊ ሄዷል፤ ምንም አልሰማም" አለ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ስለ ራሱ አልነበረም። "ቸርኬው አለ?"

ያን የሚያህል ጆሮ። አንዱን ድምፅ ሦስት አድርጎ ያሰማኝ ጆሮ።

ልጩህለት? መንገዱ ሰው ሞልቶበታል። መሬት ላይ ልጻፍለት? ጭቃው ለስላሳ ነበር፤ እንጨትም እግሬ ሥር ወድቋል፤ እሱ ያስተማረኝ ፊደልም እጄ ላይ ነበር። አልጻፍኩም። አዎ፣ አለ ብዬ በራሴ ነቀነቅኩለትና ሄድኩ። ከሁሉ የምጸየፈው የሚመጣውን ነው። ወደ እህቴ ቤት ስሄድ ቀለል አለኝ። ነገርኩት እኮ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ እሱ ነው ያልሰማ እያልኩ ሄድኩ። እህቴ ምሳ አቀረበችልኝ፤ ጠገብኩ።

ኋላ ተፈታ የሚሉ ነበሩ፤ ሞተ የሚሉም ነበሩ። አልጠየቅኩም። አለመጠየቄም የእኔ ነው።

አንተን ማረኝ አልልህም። መማር የእሱ ነበር፤ ያስደነቆርኩትም እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው፣ ዘመኑ ነው፣ አልተማርኩም አልልህም። ተምሬ ነበር። ያኔ ጭቃው ላይ ያልጻፍኩትን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ በእሱ ፊደል።

የኔታ፣ ቸርኬውን የመታሁት እኔ ነበርኩ።