ሁለት ካርድ በአንድ ቁጥር

ከጋምቤላ ወደ ኢታንግ ያመጣኝ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል። ገና ከመውረዴ ሰዓቴን ማየት ጀመርኩ። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ ግን አልሆነልኝም።

የጠራኝ የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ እኩያዬ የሆነ፣ አማርኛን በዝግታ የሚናገር የአኝዋ ሰው። የደም መመርመሪያው ማሽን ውጤቱን የሚልከው ወደ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው።

“ሳምንት ሆነው፤ ምንም አይልክም” አለኝ። “ደሙን በመኪና ጋምቤላ እንልካለን። ትናንት የአንዲት እርጉዝ ደም በሙቀት ተበላሸ። እንደገና ቀዳኋት።”

ሳምንት ሲል ደነገጥኩ። ልክ ከሳምንት በፊት እዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ለኔትወርክ አዲስ ካርድ የሰካሁት እኔ ነኝ። መኪና እንዳያመልጠኝ ስሮጥ፣ መመርመሪያው መሥራቱን ሳላይ ነበር የሄድኩት።

የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈታሁ። በእንዲህ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ እያንዳንዱ ካርድ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል። ሁለት ካርዶች በአንድ ቁጥር ከተጣሩ አንዱ ዝም ይላል። ቁጥሩን ለመቀየር ካርዱ ላይ ያለችውን ጃምፐር የምትባል ትንሽ ፕላስቲክ ነቅሎ ሌላ ቦታ መሰካት ነው። ቸኩዬ የሁለቱንም ካርድ ጃምፐር፣ የእኔንም የመመርመሪያውን ውጤት የሚቀበለውንም፣ ነካካሁ። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ በበሩና በመስኮቱ መሀል ተመላለስኩ። አልሠራም። ደግሜ ቀየርኩ፤ አልሠራም። በመጨረሻ የቱን ከየት እንደነቀልኩ ጠፋኝ። ውጭ ሹፌሩ ክላክሱን ነፋ።

“ቁጭ በል” አለኝ ባለሙያው፣ እስክሪብቶና ወረቀት እየሰጠኝ። “አንዱን ቀይር። ጻፍ። ከዚያ እይ።”

“መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል እኮ!”

“ይሂድ።”

መኪናው ሄደ። ተቀመጥኩ። የመመርመሪያውን ካርድ ወደ ብርሃን ሳስጠጋው፣ ጃምፐሩ ለዓመታት የተሰካበት ቦታ አቧራ አልነካውም፤ አምስት ቁጥር ላይ ነው። እኔ ያመጣሁትም ካርድ ከፋብሪካው የወጣው በአምስት ነበር። የድሮውን ወደ ቦታው መለስኩ፣ የእኔን ወደ አሥር አዛወርኩ፣ ጻፍኩ። ባለሙያው አንድ ናሙና አስገባ። ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ወጡ።

“ያበላሸሁት እኔ ነኝ” አልኩት።

“አውቃለሁ። አንተ ስትሄድ ነው ዝም ያለው። ለዚህ ነው አንተን የጠራሁት።”

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ግቢውን ሁለቴ ዞርኩና ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ላለችው ባለቤቴ ደወልኩላት፤ እዚሁ እንደማድር ነገርኳት።

“ምን ገጠመህ?” አለችኝ።

አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።