ቦምቡ ገደል ገባ ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እሳቸው የሚያውቁት ጾም መሻሬንና ምላሴ መክፋቱን ነው። ትንንሹን እየሰጠኋቸው ትልቁን ደብቄ ኖርኩ። የገበያ ሰው ነኝ፤ ያማረውን ከላይ፣ የተበላሸውን ከሥር መደርደር ልማዴ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ከሥር ያለውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል። ዛሬ እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

በላቸው እባላለሁ፤ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት የሚቀላቅሉ አሉ ይባላል። እኔ በርበሬ ላይ ምንም ቀላቅዬ አላውቅም። እኔ የቀላቀልኩት ሰው ታሪክ ላይ ነው።

ሻለቃ ደምሰው ከሱቄ አጠገብ ወፍጮ ቤት ነበረው። ከዚያ በፊት የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ እሱም ከሰማይ ወርዶ ከእኛ ጋር አቧራ መቃም ጀመረ። በሰው ፊት አንቱ እለው ነበር፤ ብቻችንን ስንሆን አንተ። ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ወፍጮውን ያጠፋል። እህል ያመጡት ሴቶች፣ “ሻለቃ፣ ናፈቀዎት እንዴ? እኛን ጥለው እንዳይበሩ!” እያሉ ይቀልዱበታል። ፈገግ ይላል። እኔም ናፍቆት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከእንጦጦ ጸበል ስንመለስ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተቀመጠና ነገረኝ። በጦርነቱ ጊዜ፣ በሰሜን፣ በገበያ ቀን ቦምብ እንዲጥል ታዞ ነበር። ጣለ።

“ሰው መሆኑ አይታይህም ነበር?” አልኩት።

“ጃንጥላ አየሁ” አለኝ። “ብዙ ጃንጥላ። ወታደር ጃንጥላ አይዝም፣ በላቸው።”

አምኖ የነገረኝን ነገር እኔ ምን አደረግሁት? ሸጥኩት።

ከዓመታት በኋላ የእኛ የሱቅ መደዳ ሊፈርስ ነው ተባለ። ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ የሚካሄድበት ወቅት ነበር። ሻለቃን ገፋፍተን አስገባነው፤ የተማረ ነው፣ ሰው ያከብረዋል፣ ችግራችንን ያውቃል። ገበያው ግን፣ “ይሄ የድሮው ፓይለት አይደል? ስንቱን ፈጅቶ ይሆን?” ማለት ጀመረ። ሾላ ውስጥ ወሬ እንዲዳረስ ከፈለጋችሁ አትጮኹም። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጆሮ ላይ ጠጋ ብላችሁ፣ “ለማንም እንዳትነግሪ” ትላላችሁ። እኔም ጠጋ አልኳት። “ሻለቃ እኮ ገበያ ደብድብ ሲባል እምቢ ያለ ሰው ነው። ቦምቡን ባዶ ገደል ጥሎት ተመለሰ። ለማንም እንዳትነግሪ።”

ከምሳ በፊት ወሬው ዞሮ ለእኔው ተነገረኝ፤ ያውም ለገደሉ ስም ወጥቶለት።

ሻለቃ ሱቄ መጣ። ፊቱ ዱቄት የመሰለ ነበር፤ ወፍጮው ግን ያን ቀን አልሠራም።

“ምን አደረግህ?”

“አዳንኩህ።”

“እኔን። እነሱንስ?”

“እነሱማ ሞተዋል፤ ያለነው እኛ ነን። ዋሽ አላልኩህም፤ ዝም በል ነው የምልህ።”

ዝም አለ። ተመረጠ። መደዳችን አልፈረሰም። ቆይቶ ፓርላማ ገባ፤ እኛም በቴሌቪዥን እጁን ሲያወጣ እያየን እናጨበጭብ ነበር። ስለ ውሃና ስለ መንገድ ሲናገር አጭርና ቁም ነገረኛ ነበር። ጥሩ ተወካይ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማዳን ይሆን? ነጋዴ ነኝ፤ ሚዛኑ ሲጎድል ምርቃት መጨመር ይቀናኛል።

ከዚያ ወይዘሮ አብረኸት መጣች። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በርበሬ ልትገዛ የምትመጣ ደንበኛዬ ናት። ወሬው ደርሷት ኖሮ፣ “ያ አብራሪ የእርስዎ ጎረቤት ነው አሉኝ” አለችኝ። እናቷንና ወንድሞቿን ገበያ ላይ በቦምብ ያጣች ናት። እሷ ያን ቀን ትኩሳት ይዟት ቤት ቀርታ ነበር። “አውሮፕላኖቹን ያበረሩት ሰዎች አይመስሉኝም ነበር” አለች። “አንድ እንኳ እምቢ ካለ ግን ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። እሱን አስቤ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።”

ወፍጮ ቤቱ ወሰድኳት። ጉልበቱን ልትስም ስትጎነበስ ሻለቃ ወደ ኋላ ሸሸ። የአገሯን ስም ጠየቃት። ስትነግረው ጆንያ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ያው ገበያ ነበር። እሷ ደግሞ ከመጡት አውሮፕላኖች ሳይጥል የተመለሰው እሱ ነው ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ሱቄ መጣ። “አብረን እንሂድና እንንገራት” አለኝ። “ደሙ የኔ ነው፣ ውሸቱ ያንተ። አንዳችን ብቻ ብንሄድ ጎዶሎ ነው።”

እኔ ምን አልኩት? “ትንፍሽ ካልክ፣ ሻለቃ ናላው ዞሯል ብዬ አስወራብሃለሁ። ማንን እንደሚያምኑ ታውቃለህ።”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ንስሐ ሊገባ የቆመን ሰው በር የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ምን ፈርቼ? ሱቁን? ሱቁማ ተርፏል። ገበያው “በላቸው ዋሾ ነው” እንዳይል ፈርቼ ነው። ዋሾ የተባለን ሰው በርበሬ ማን ይገዛል? ለዚህ ነው።

ሻለቃ ዳግመኛ አልተወዳደረም። እሷ በየወሩ በሚካኤል ቀን ዳቦ ጋግራ ታመጣለታለች፤ አባቴ ትለዋለች። እሱ ዳቦውን ተቀብሎ ለነዳያን ይሰጣል። አንዲት ጉርሻ እንኳ ሲቀምስ አላየሁም። ሳይነግራት እንዲሁ ሞተ።

የካ ሚካኤል ስንቀብረው እድሩ የሕይወት ታሪኩን እንዳነብ መረጠኝ፤ የሚያውቀው እሱ ነው ተብሎ። አዎ፣ የማውቀውስ እኔ ነበርኩ! አነበብኩ። ቦምቡን ገደል ጥሎ የተመለሰ ጀግና ብዬ አነበብኩ። ከሰው ሁሉ አብልጣ የጮኸችው አብረኸት ነበረች። በሬሳ ፊት ስዋሽ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ሲያልፍ ሚዛኔን የማቆመው እኔ ሆንኩ። ደንበኛ፣ “ምነው፣ አመመዎት?” ይለኛል። ነጭ ነጠላ ከሩቅ ባየሁ ቁጥር እሷ እየመሰለችኝ ከጆንያው ጀርባ አጎነብሳለሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ባለፈው ሳምንት ግን ደረሰችብኝ። ደስ ብሏታል። “ለአርባው ተዝካር ያቺን ታሪክ ይድገሙልን” አለችኝ። “የልጅ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ደምሰው ልለው ነው። እናቱ ለምን እንደሆነ ትስማው።”

እናቷን በገደለው ሰው ስም የልጅ ልጇን ልትጠራ ነው። እኔ ባወራሁት ወሬ። ይህንንም ዝም ልበል? ዝም ልል ነበር፤ አልደብቃችሁም። ቀናት አለፉ፣ ዝም አልኩ። ትናንት ጠዋት ግን የካ አባዶ ታክሲ ውስጥ ራሴን አገኘሁት። ደረጃውን ወጣሁ። ሕፃኑን ታቅፋ በር ከፈተችልኝ። ቆሜ ነገርኳት፤ የእሱንም የእኔንም።

አልጮኸችም። “ጃንጥላ አየሁ አለ?” ብላ ጠየቀችኝ።

“አዎ።”

“የእናቴ ቀይ ነበር።”

ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። የልጁን ስም ምን እንደምታደርገው አልጠየቅኳትም፤ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። በሩን ልትዘጋ ስትል፣ “ለአርባው ይምጡ” አለችኝ። “ለእኔ የነገሩኝን ለሁሉም ያንብቡት።”

አርባው ነገ ነው። ድንኳኑ ተተክሏል። የማነበው ይህንን ነው። ሽንኩርት ሻጯ ትኖራለች፣ እድርተኛው ይኖራል፣ የሻለቃ ልጆች ይኖራሉ፤ የአባታቸውን እውነት የሚሰሙት ከእኔ አፍ ነው። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው ቢኖር የአብረኸት ነው፣ እሷም አልሰጠችኝም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። የፊተኛውን ስነግራችሁ ለማንም እንዳትናገሩ ብዬ ነበር። ይህንን ንገሩ።