ባሕር የሚያየው ክፍል

ከቦሌ በተነሣሁበት ማታ እናቴ አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። ከደብረ ሲና ድረስ በአውቶቡስ ይዛው የመጣችውን በሶና ቆሎ፣ ሚዛኑ ጋ የቆመው ልጅ «ከብዷል፣ ይቀነስ» ብሎ ከሻንጣዬ ሲያስወጣው፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ «ልጄን ስትወስዷት ያልከበዳችሁ፣ በሶዋ ነው የከበዳችሁ?» አለችው። ልጁ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። እሷ አልሣቀችም። በሩን አለፍኩ፤ ዞር ስል በሶውን ታቅፋ ቆማለች።

ሜልቦርን የገባሁት በሐምሌ ነው። ሐምሌ እኛም አገር ክረምት ስለሆነ ብዙም አልፈራሁትም ነበር፤ ግን የዚህ አገር ብርድ ዝናቡን ትቶ ነፋሱን ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ቤት ውስጥም ተከትሎ ይገባል። የተቀበለኝ ባሌ ዮናስ ነው። ዮናስ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድሞ በትምህርት መጥቶ የቀረ፣ ላቨርተን ኖርዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ደግና ዝምተኛ ሰው ነው። ከከተማው ዳር፣ ዋይንድሃም ቬል የሚባል ሰፈር፣ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች አንዱን ተከራይቶ ጠበቀኝ።

ደብረ ሲና የተወለደ ሰው ተራራ ተደግፎ ነው የሚያድገው። ቀና ስትሉ ጣርማ በር፣ ዝቅ ስትሉ ቆላው። ዋይንድሃም ቬል ግን እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው፤ ሰማዩ እግራችሁ ሥር ድረስ ይወርዳል፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለውም። ቤቶቹም አንድ ዓይነት ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ከሱቅ ስመለስ ቁልፌ አልከፍት ብሎኝ ስታገል፣ አንድ ሸምገል ያለ ፈረንጅ ከውስጥ ከፈተልኝ።

«ምን ልርዳሽ?»

«ቤቴ ነው» አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

ወደ ውስጥ ዞር ብሎ አየና «እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ይህን ለዮናስ ስነግረው እንደሚሥቅ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ደነገጠ። «ይቅርታ ጠየቅሽው? ስምሽን ጠየቀሽ?» አለ። ያኔ ነው ባሌ እንዴት እንደሚኖር የገባኝ። የጎረቤት ውሻ ሲጮህበት እንኳ «ሶሪ» ይላል። «ማሂ፣ ሰው አገር ነው» ይለኛል፤ «አንገትን ደፍቶ መኖር ነው የሚያዋጣው።» ሥራ፣ ቤት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በቃ። ያ ሁሉ ዓመት ሲኖር ከከተማው ወጥቶ አያውቅም።

እኔ አንገቴን መድፋት አልችልበትም። አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሥራ ስይዝ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት መንጃ ፈቃድ ማውጣት ነው። በመጀመሪያው ፈተና ወደቅሁ። ከፊት የሚመጣው የማይታይበት ኩርባ ላይ ስደርስ ጡሩምባ ነፋሁ። ጣርማ በርን የሚወርዱ አውቶቡሶች እንደዚያ ሲያደርጉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ፈታኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ማንን ነው የምትሳደቢው?»

«ማንንም። መጣሁ ማለቴ ነው።»

«እዚህ አገር መምጣትሽን ለማንም አታሳውቂም» አለኝ።

ሁለተኛውን አለፍኩ። ፒ ፕሌት የሚሉት የጀማሪ ነጂ ምልክት የተለጠፈባት አሮጌ መኪና ገዛሁ፤ ግን ዮናስ ከሥራና ከሱቅ ሌላ የት እንደምሄድ ሲጠይቀኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አላውቀውም ነበር።

የት እንደምሄድ ያሳወቁኝ እትዬ ወርቄ ናቸው። በሱዳን በኩል በእግራቸው የወጡ፣ ኖርዝ ሜልቦርን ከመንግሥት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸው እስኪያልቅ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው አደርሳቸው ነበር። አንድ እሑድ መኪና ውስጥ ቀበቷቸውን ሳይፈቱ ቁጭ አሉ።

«ማህሌት፣ ሐኪሙ ዓይንሽ ሊዘጋ ነው ብሎኛል» አሉ። «ግላኮማ ነው አሉ። ከጎን ከጎኑ እየበላ መጥቶ መሐሉ ብቻ ነው የቀረኝ። እሱም ይሄዳል አለኝ።»

ሞተሩን አጥፍቼ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«አታልቅሺብኝ» አሉ። «የዚህን አገር ሽንት ቤት ሁሉ አውቀዋለሁ። አገሩን ግን አላየሁትም። እዚያ ሥራ ቦታ ግድግዳው ላይ ፎቶ ነበር፤ ገደል፣ ባሕር፣ በገደሉ ጫፍ የሚሄድ መንገድ። በየቀኑ አቧራውን እጠርግለት ነበር። ቦታው እዚሁ ቅርብ ነው ይላሉ። መኪና አለሽ አይደል? ውሰጂኝ። ዓይኔ ሳይዘጋ ጥቂት ነገር ላስገባበት።»

የዚያኑ ቀን ማታ በስልኬ አፈላልጌ፣ ባሕር ዳር መንደር ውስጥ ያለ ሞቴል፣ ባሕር የሚያይ ክፍል፣ ለሁለት ሰው ቡክ አደረግሁ። ከዚያ ለዮናስ ነገርኩት።

«ለሽርሽር?» አለ። ቃሉን እንደ ስድብ ነው የተናገረው። «በዚያ ገደል? አሮጊት ይዘሽ? አንድ ነገር ቢሆኑስ?»

«ቤታቸው ቁጭ ብለውም አንድ ነገር እየሆኑ ነው።»

«ማሂ፣ እኛ ልንሠራ ነው የመጣነው። አገር ማየት ለባለ አገሮቹ ነው።»

«ታዲያ እኛ የምንኖረው የት ነው?» አልኩት። መብራቱን አጥፍቶ ተኛ። የምንሄድበት ዕለት ጠዋት ስወጣ ግን ሳልጠይቀው የመኪናዬን ጎማ ሲነካካ፣ ዘይት ሲያይ አገኘሁት። ፊቱን ግን አላዞረልኝም።

ጂሎንግን አልፈን ባሕሩ ጋ ስንደርስ መንገዱ ጠበበ። እዚህ አገር በግራ ስለሚነዳ፣ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ባሕሩ ያለው በእናንተው በኩል ነው፤ ከመኪናው በርና ከገደሉ መካከል ትንሽ አጥር ብቻ። በቀኝ ተራራው ከነዛፉ ተዘርግፏል። መሪውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ፤ ግን ሰውነቴ መንገዱን ያውቀዋል። መጠማዘዙን፣ ጆሮ መድፈኑን ያውቀዋል። ጣርማ በር ነው! ሥሩ ባሕር የፈሰሰበት ጣርማ በር! ልዩነቱ እዚህ በየኩርባው ቆሎ የሚሸጥ ልጅ የለም፤ ምሳ ልንበላ ስንቆም ያገኘነው ቺፕስ ነው፣ እሱንም ወፍ ከእጃችን ነጠቀን።

ከኋላዬ ካራቫን የሚሉትን ትልቅ ባለ ጎማ ቤት የሚጎትት መኪና መብራቱን ያብለጨልጭብኝ ጀመር። እትዬ ወርቄ ዞረው አዩት። «ምን ሆኖ ነው?»

«ፍጠኚ ነው የሚለኝ።»

«አትፍጠኚ። እኔ እኮ እያየሁ ነው።»

አልፈጠንኩም። ዳር የሚያዝበት ቦታ እስኪመጣ ድረስ አስከትዬው ሄድኩ። ከፊት የሚመጣው የማይታይበት ኩርባ ላይ ስደርስም ጡሩምባዬን ነፋሁ፣ ረዘም አድርጌ። ማንም ፈታኝ አጠገቤ የለም።

ሞቴሉ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የመንደሯን ስም አልጽፍም፤ ከአንድ ሰው በቀር የበደለን የለም። ባለቤቱ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ እኔን አየ፣ ነጠላ የለበሱትን እትዬ ወርቄን አየ፣ ከዚያ በራችንን አሻግሮ አየ።

«ቡክ ያደረጉት ሰዎች ከኋላ እየመጡ ነው?»

«ከኋላችን ያለው ባሕሩ ነው» አልኩት። «ቡክ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ኮምፒውተሩን ነካካ። «የዚያ ክፍል ቧንቧ ተበላሽቷል» አለና ሌላ ቁልፍ ገፋልኝ። «ከጀርባ በኩል ጸጥ ያለ ክፍል አለ።»

ሄጄ አየሁት። መስኮቱ የሚያየው የቆሻሻ ገንዳዎቹን ነው። ምን ይደረግ ብዬ ቁልፉን ይዤ ስመለስ፣ ሽበታም ባልና ሚስት ፈረንጆች ሻንጣ ይዘው ገብተዋል። ቡክ አላደረጉም። የሞቴሉ ሰውዬ ፊቱ በርቶ «ዕድለኞች ናችሁ፤ ባሕር የሚያይ አንድ ክፍል አለኝ» ሲላቸው ሰማሁት።

ጆሮዬ ጋለ። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ፤ ዮናስ ነው። ደርሰን እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ነገሩን በአማርኛ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

«ተይ ማሂ» አለኝ። «የሰጠሽን ተቀበይ፣ አለዚያ ተመለሱ። ክርክር ውስጥ አትግቢ። ፖሊስ ቢጠራስ?»

«ይጥራ። ፖሊሱ ማንበብ ይችላል፤ የትኛውን ክፍል እንደያዝን ያነብለታል» ብዬ ዘጋሁት። ባሌ ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሰውየውን «ቧንቧው ዳነ እንዴ?» አልኩት።

ቀላ። «እነሱ የሚቆዩት አንድ ሌሊት ብቻ ስለሆነ…»

«እኛም አንድ ሌሊት ነው።»

እትዬ ወርቄ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን እያሹ ነበር። «ምንድን ነው የሚለው?» አሉኝ።

«ባሕሩን የሚያየው ክፍል ቧንቧው ተበላሽቷል ይላል። ለእኛ ብቻ ነው የተበላሸው።»

«ቧንቧ?» ብለው ተነሡ፣ በባዶ እግራቸው። «እኔን ጠመንጃ የያዘ መንግሥት ነው ያባረረኝ። ይሄ እኮ የያዘው ቁልፍ ነው።» ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረው፣ ቢሮ ሲያጸዱ በለመዱት እንግሊዝኛ «ሾው ሚ ፓይፕ» አሉት። «አይ ክሊነር። አይ ኖው ፓይፕ። ሾው ሚ።»

ሰውየው ወደ ባልና ሚስቱ ያግዙኛል ብሎ አየ። ሴትየዋ ሻንጣዋን መልሳ አነሣች። «እኛ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን» አለችው። «ክፍሉ የእነሱ ነው።» ባሏን ይዛው ወጣች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ለእትዬ ወርቄ እጇን አወዛወዘችላቸው።

እምቢ የሚልበት አልነበረውም፤ ከፈተልን። እትዬ ወርቄ ግድግዳውን እየዳበሱ መታጠቢያ ቤት ገቡና ያለውን ቧንቧ ሁሉ ከፈቱት። የእጅ መታጠቢያው ወረደ። ሻወሩ ወረደ። ሽንት ቤቱን ለቀቁት፤ እሱም ወረደ። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ ወጥተው ሰውየውን ትከሻውን መታ አደረጉት። «ቬሪ ጉድ። ዩ ፊክስ ቬሪ ኩዊክ።»

ቁልፉን አልጋው ላይ ጥሎት ወጣ። እኔ በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና እስኪያመኝ ሣቅሁ፤ ሣቁ መቼ ወደ ልቅሶ እንደዞረ አላውቅም። እሳቸው የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሉኝ።

ጠዋት ስነቃ አልጋቸው ላይ የሉም። በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። ባሕሩ ፊት ለፊት ነው፤ ግራጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ነጭ እየሆነ ድንጋዩን ይመታል። ጎን ጎኑ ስለማይታያቸው ራሳቸውን ቀስ እያደረጉ ያዞራሉ፤ ከግራ እስከ ቀኝ፣ ከዚያ መልሰው ከቀኝ እስከ ግራ፣ ቁራሽ በቁራሽ እየሰበሰቡ። ደስ ብሏቸው መስሎኝ ተጠጋሁ። ፊታቸው የቁጣ ነበር።

«ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?» አሉ። «ያን ሁሉ ዓመት? ጠዋት ወጥተው ማታ የሚመለሱበት ቦታ? አንድ ሰው እንዴት አይነግረኝም?»

«አሁን አዩት፣ እትዬ።»

«አላየሁትም ገና። ከዚህ ወዲያስ ምን አለ?»

ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ውስጥ የቆሙ ድንጋዮች ነበሩ፣ ሄድን። ተራራው ላይ ሰማይ የሚደርሱ ዛፎች ያሉበት ጫካ ነበር፣ ሄድን። ማምሻውን ቤት ስገባ ዮናስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ለቀናት «ሻይ አለ»፣ «ወጣሁ» ብቻ ተባባልን። አንድ ቀን ራት ላይ ግን ቀና ሳይል «ከዚያስ? ቧንቧው ሠራ?» አለኝ። ነገርኩት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሲሥቅ እጁን አፉ ላይ አደረገ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። አሁንም አንገቱን እንደደፋ ነው የሚኖረው። አንድ ጊዜ አብሮን ወጥቷል፤ መንገዱን ሙሉ ከመስኮቱ በላይ ያለውን መያዣ አንቆ፣ ላየነው ሁሉ «እሺ፣ አየነው፣ እንመለስ» ሲል ነበር። እወደዋለሁ። ግን አልመለስም።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሌሎች ሴቶችም ጠየቁኝ። አሁን ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር እንወጣለን፤ ወደ በረዶው ተራራ፣ ወደ ግራምፒያንስ ገደሎች፣ ሁለት መንገድና አንድ ዳቦ ቤት ብቻ ወዳላቸው የባሕር ዳር መንደሮች። እትዬ ወርቄ አንደኛው ዓይናቸው ጨርሶ ተዘግቷል። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ግን አሁንም እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው ከተቀመጠ ይኮርፋሉ።

ባለፈው ከአንድ ከፍታ ላይ ሆኜ ለእናቴ በቫይበር ደወልኩ። ስልኩን አዙሬ ባሕሩን፣ ገደሉን፣ መንገዱን አሳየኋት። ምስሉ እየተቆራረጠ ነበር።

«እማዬ፣ ይታይሻል?»

«ይታየኛል። ያ እንደ መቀነት የሚጠማዘዘው መንገድ ነው?»

«አዎ፣ በእሱ ነው የመጣሁት። እኔው ነኝ የነዳሁት።»

«ጎበዝ» አለች። «ግን አይደክምሽም?»

«አይደክመኝም። የትም እሄዳለሁ እኮ፣ እማዬ። የትም።»

ምስሉ ቀጥ ብሎ ቀረ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ታዲያ የትም ከሄድሽ፣ ወደዚህ የምትመጪው መቼ ነው?»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይገባ ነበር። አልሰማሁም ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ስልኩን ወደ ፊቴ አዞርኩት። እትዬ ወርቄ ከመኪናው ውስጥ «ማህሌት፣ ጀምበር ሳትጠልቅ!» እያሉ ይጣራሉ፤ እናቴ ደግሞ መልሴን ትጠብቃለች።